የእንግዳዋ መምህርት ለቅሶ

ጅግጅጋ ባለው የመምህራን ማሰልጠኛ ኮሌጅ የሒሳብ ማስተማሪያ ዘዴ አስተምራለሁ። ኮቪድ በገባበት ዓመት ኮሌጃችን ከአንድ የኡጋንዳ ኮሌጅ ጋር መምህራን ለመለዋወጥ ተስማማ። መጀመሪያ ከእነሱ አንዲት መምህርት መጥታ ሁለተኛውን መንፈቅ ታስተምራለች፤ በሚቀጥለው ዓመት እኔ እሄዳለሁ።

ዲኑ እንግዳዋን እንዳለማምዳት የጠየቁኝ ብቻዬን ስለምኖር ይመስለኛል። እናትና አባቴ አልፈዋል፤ ወንድሞቼ አዲስ አበባ ገብተዋል። አያቴ ወታደር ሆኖ መጥቶ በሠራው ቤት የቀረሁት እኔ ነኝ። ጎረቤቶቼ ሶማሌዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውን አብሬያቸው አድጌበታለሁ። እንደዚያም ሆኖ ዓመት በዓል ሲመጣ ለአንድ ሰው ምን እንደሚሠራ ግራ ይገባኛል።

እንግዳዋ እኩያዬ ነበረች፤ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምትናገር። ክፍል ውስጥ ስትቆም ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ልምምድ ላይ ያሉ ሠልጣኞቻችንን ልናይ ቱሊ ጉሌድ ወረዳ አንድ ትምህርት ቤት የሄድን ቀን የለስላሳ ቆርኪ መሬት ላይ በትና ማካፈል ስታስተምር፣ ቋንቋዋን የማይሰሙት ልጆች ሁሉ ከበቧት። ወደ ኮሌጁ የመምህራን ክፍል ስንመለስ ወሬው በሶማሊኛ ነው፤ እኔ የቻልኩትን በእንግሊዝኛ አቀብላታለሁ። አንዴ፣ “እኔ የምስቀው ሁሉም ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነው” አለችኝ።

ብዙ ሳይቆይ ትምህርት ተዘጋ። ሠልጣኞቹ ወደየወረዳቸው ተበተኑ። የእሷም አገር አውሮፕላን ማረፊያውን ዘጋ። በግቢው እሷና ጥበቃዎቹ ቀሩ። እኔ ቤት እንድትገባ ብለምናት በሽታ አመጣብሻለሁ ብላ እምቢ አለች። ከሰዓት ከሰዓት እየሄድኩ የእንግዳ ማረፊያው በረንዳ ላይ ተራርቀን እንቀመጥ ነበር።

አንድ ቀን ስሄድ በሩ ክፍት ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ስልኳን ይዛ ተቀምጣለች። እናቷ ሞተው፣ ቀብሩን ወንድሟ በስልክ እያሳያት ኖሯል። ኔትወርኩ ተቋርጦ ምስሉ ቆሟል፤ የሚታየው ቀይ አፈር ብቻ ነው። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ።

“እዚህ እናቴን የሚያውቃት የለም” አለችኝ። “ብቻዬን ነው የማለቅስላት።”

ማታውን ለጎረቤቴ ነገርኳት። ገበያ ላይ ልብስ የምትነግድ፣ ሰፈሩ በቁጣዋ የሚፈራት ሴት ናት። ዘመድ የላትም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እዚህ የላትም አልኳት።

በማግስቱ ጠዋት ሻሂ በፔርሙስ፣ እንጀራ የመሰለውን ላሆህ በሳህን ይዛ፣ የሰፈሩን ሴቶች አስከትላ ኮሌጁ መጣች። ጥበቃው ቢያቅማማም አስገባቸው። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ወንበር አራርቀው ተቀመጡና “አላህ ሰብር ይስጥሽ” ብለው አጽናኗት። ከዚያ ጎረቤቴ ወደ እኔ ዞረች።

“እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ በያት።”

እንግዳዋ ተናገረች። እናቷ ሙዝ ሸጠው እንዳስተማሯት፣ ክሩ መርፌው ውስጥ አልገባ ሲላቸው መርፌውን እንደሚሳደቡ፣ የመምህርነት ምረቃዋ ቀን የሰው ጫማ ተውሰው እንደመጡ። እያንዳንዱን ወደ ሶማሊኛ መለስኩላቸው። “እናቴ፣ እናቴ” እያልኩ ስተረጉም የራሴን እናት የማወራ መሰለኝ። የመርፌው ነገር ላይ አንዷ ሴት አፏን በሻሿ ሸፍና ሳቀች። እንግዳዋም ሳቀች፤ ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ።

አውሮፕላን ሲፈቀድ ሸኘኋት። “አሁን ያንቺ ተራ ነው” አለችኝ። ስምምነቱ ግን አልታደሰም፤ ተራዬ ሳይደርስ ቀረ። መጀመሪያ በየሳምንቱ እንደዋወል ነበር፤ ኋላ በየወሩ፣ ኋላም በበዓል ብቻ ሆነ። ዘንድሮ የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ቀደመ። እንኳን አደረሰሽ አልኳት። በሁለተኛው ቀን፣ “አሜን፣ አንቺስ ከማን ጋር ነሽ?” ብላ ጻፈች።

ከጎረቤቶቼ ጋር ነኝ ብዬ መለስኩላት። እነሱ ያን ቀን ለሠርግ ሐረር ሄደው ነበር።