የፓፑቅ ሴናህ መንጋጋ

ፓፑቅ ሴናህ የወለዱት አንድ ልጅ ብቻ ቢሆንም የመንደሩ ሁሉ ፓፑቅ፣ የመንደሩ ሁሉ አያት ነበሩ። ማዕረጉን ያገኙት በመንጋጋቸው ነው። በዚያች የሎምቦክ መንደር ሕፃን ከእናቱ ጡት ቀጥሎ መጀመሪያ የሚቀምሰው አያቱ አኝካ ያላመችውን ሩዝ ነው፤ እንደ ፓፑቅ ሴናህ አልሞ የሚያኝክ ደግሞ አልነበረም። ሌላ ጊዜ አፋቸው የማይዘጋው ሴትዮ ሩዝ ሲያኝኩ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸጥ ይላሉ፤ የሚወጣው ሩዝ ቅቤ ነው። ከወዲያኛው መንደር ሳይቀር እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ይመጡ ነበር። የመንደሩ ሹም እንኳ ሪዙን እያፍተለተለ ሊቆጣቸው ሲቃጣው፣ «ተው እንጂ፣ የመጀመሪያዋን ሩዝ ያጎረስኩህ እኔ ነኝ» ሲሉት ድምፁ ይሟሽሻል።

ይህ ሁሉ ክብር አንድ የጾም ፍቺ ዕለት በአንድ ቁራጭ የጎሽ ሥጋ ተበላ። ፓፑቅ ሴናህ ሥጋውን ነከስ ሲያደርጉ አንድ ነገር ቀጭ አለ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ወደ ጓሮ ወጡ። የወጣው የመጨረሻው መንጋጋቸው ነበር፤ ሌሎቹ ቀደም ብለው አንድ በአንድ ተሰናብተዋል። የፊት ጥርሶቻቸው፣ አሮጊቶች ከንፈራቸው እስኪቀላ የሚያኝኩት የማማቅ ቅጠልና ፍሬ ያጠቆራቸው ቢሆኑም፣ ቦታቸው ላይ ስላሉ ማንም አላወቀ። እሳቸውም ለማንም ትንፍሽ አላሉም።

ከዚያ ወዲህ ፓፑቅ ሴናህ ተራቡ። ነገሩን ማሳመር አያስፈልግም፤ ረሃብ ነው። ሩዙን በመረቅ እየገፉ ጥቂት ይውጡና «ሙቀቱ ምግብ ዘጋብኝ» ብለው ይነሳሉ። ገንፎ እንዳይሠሩ፣ ገንፎ የምትበላ አሮጊት መንጋጋ እንደሌላት ወዲያው ይታወቅባታል። ያኖራቸው ሙዝና መረቅ ነው። ሸሚዛቸው ሰፋቸው። የማማቁን ፍሬ እንኳ ከማድ ቤት ጀርባ ተደብቀው በትንሽ ሙቀጫ እየወቀጡ ነበር አፋቸው የሚከቱት።

ይህ በሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ምራታቸው ሮህሚ ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጃቸው ማህሱን ማሌዥያ የፓልም ዛፍ እርሻ ላይ ስለሚሠራ ቤቱ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሴቶችና ሕፃኑ አርሃም ብቻ ናቸው። ሮህሚ ሕፃናት በየወሩ ከሚመዘኑበት ቦታ የሰማችውን እያጠባች ተናገረች፤ አማቷን እንደ ባሏ ኢናቅ፣ እናቴ፣ ነው የምትላቸው።

«ኢናቅ፣ ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ምንም አይቀምስም ተብያለሁ። ውሃም ቢሆን።»

ጎረቤት ጆሮውን ቀሰረ። ፓፑቅ ሴናህ ቤቱን ቀውጢ ያደርጉታል ተብሎ ነበር፤ አደረጉትም። «ስድስት ወር! ልጅ ነው ወይስ ጾመኛ?» እያሉ እስከ መስጊዱ የሚሰማ ጩኸት ጮኹ። ከዚያ ማድ ቤት ገብተው በሩን ዘጉና ሁለት እጃቸውን ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ስድስት ወር! በስድስት ወር ውስጥ ስንት ነገር ይሆናል። መንጋጋ መልሶ እንደማይበቅል ያውቃሉ፤ ቢሆንም ቀኑ ራቀላቸው።

ሮህሚ ከመመዘኛው በተመለሰች ቁጥር «ወፍሯል፣ ጡቱ ይበቃዋል አሉኝ» ስትል እሳቸው «እኔን ማን ይሰማኛል!» ብለው ያጉረመርማሉ፤ ልባቸው ግን ወገቧን ይዛ ትጨፍራለች።

አላህ ሲፈጥር ደግሞ ኢናቅ ሩኪያህን ጎረቤት አድርጎ ሰጥቷቸዋል። ሩኪያህ የራሷ ሥራ ሲያልቅ የሰው ሥራ የምትጀምር ሴት ናት። አርሃም አራተኛ ወሩን አልፎ ጡጫውን ማላመጥ፣ ማንኪያ ባየ ቁጥርም ዓይኑን ማንከራተት ሲጀምር እሷ ሥራ አገኘች።

«ይሄ ልጅ እኮ ተራበ፣ ፓፑቅ! የኔዎቹ በዚህ ዕድሜ ሙዝ በልተው ይጠግቡ ነበር።»

«አዎ፣ ዛፉ ላይም ራሳቸው ነበር የሚወጡት» አሉ ፓፑቅ ሴናህ።

በዚህ የምትመለስ አይደለችም። አንድ ረፋድ ሮህሚ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ስትወርድ ጠብቃ፣ በሙዝ ቅጠል የተጠቀለለ ትኩስ ሩዝ ይዛ መጣች። በሩጋቅ በሚባለው፣ ግቢው መሃል ባለው ባለ ሣር ክዳን መደብ ላይ፣ ፊት ለፊታቸው ተደላድላ ተቀመጠች።

«በሉ ያኝኩለት» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እሷ የለችም። እኔ እንደሆን አልናገር።»

«አንቺ? አልናገር?»

«ወላሂ አልናገርም!»

የሩዙ ሽታ ያውዳል። ፓፑቅ ሴናህ ምራቃቸውን ዋጡ፤ እውነቱን ለመናገር ከልጁ ይልቅ የራባቸው እሳቸው ናቸው። ሩኪያህ ዓይኗን ከአፋቸው ላይ አልነቀለችም። ምን ይበሉ?

«ለምራቴ ቃል ሰጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ፣ ያልሰጡትን ቃል ምክንያት አድርገው፣ ኮስተር ብለው። «ቃል ሰጠሁ፣ በቃ። ሩዝሽን ይዘሽ ሂጂ።»

ሩኪያህ ክው ብላ ሩዟን ጠቀለለች። ፓፑቅ ሴናህ ለሰው ሲገዙ አይታ አታውቅም። እሳቸው ዞር ሲሉ ደግሞ ሮህሚ እርጥብ ልብስ የሞላ ገንዳዋን እንደያዘች አጥሩ ሥር ቆማለች። ሰምታለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። አልፋቸው ገባች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮህሚ ሌላ ሰው ሆነች። ሳይጠሯት አቤት ትላለች፤ ዓይናቸውን ግን ቀና ብላ አታይም። አንድ ነገር ልትናገር ትጀምርና «ተዉት ኢናቅ፣ ምንም አይደል» ብላ ታቋርጠዋለች። ፓፑቅ ሴናህ ነገሩ ገባኝ ብለው አሰቡ። አውቃለች ማለት ነው። ሙቀጫውን አይታለች።

ስድስተኛውም ወር ሞላ። አርሃም አንገቱ ጸንቷል፤ ደገፍ ሲያደርጉት ይቀመጣል። አንድ ምሳ ሰዓት ፓፑቅ ሴናህ ጭን ላይ እንዳለ እጁን ሳህናቸው ውስጥ ሰዶ ሩዝ ጨበጠና በቀጥታ ወደ አፉ አመራ። ሮህሚ ፈጠን ብላ ከጣቶቹ መሃል አራገፈችለት።

«ጊዜው ደርሷል ኢናቅ፣ ራሱ ጠየቀ። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናስጀምረው» አለች፤ አሁንም መሬት መሬቱን እያየች።

ሐሙስ ዕለት ፓፑቅ ሴናህ ማድ ቤት ገብተው በድዳቸው ሞከሩ። እንደ ድሮው ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ጸጥ አሉ፣ አገላበጡት። መዳፋቸው ላይ ሲተፉት ሩዙ እንደገባ ወጣ፤ ፍሬ ፍሬው ይለያል። እስከዚያ ድረስ የፈሩት ሐፍረቱን ነበር። አሁን ግን አንዷ ፍሬ በዚያች ጠባብ ጉሮሮ ስትቀረቀር ታየቻቸው። የኔ ስም ገደል ይግባ አሉ በልባቸው። ነገ ሰው ሁሉ ባለበት እናገራለሁ።

ሩኪያህ ጥሩምባ ስትነፋ ስለሰነበተች ዓርብ በሩጋቁ በሴት ተሞላ። ፓፑቅ ሴናህ አርሃምን ታቅፈው መሃል ተቀመጡ። ሁሉም አፍ አፋቸውን ያያል። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሙኝማ፣ አንድ የምነግራችሁ...»

«እኔ ልቅደም ኢናቅ!» ሮህሚ ሳህን ይዛ ከማድ ቤት ወጣች። «ከዘገየሁ ድፍረቱ ይጠፋኛል። ሩዙን ከዱባና ከዓሣ ጋር አብስዬ በወንፊት አሳልፌዋለሁ። የታኘከ አልሰጠውም። ከአፍ ወደ አፍ በሽታ ይተላለፋል ብለውኛል። እርስዎን ንቄ አይደለም፤ ወላሂ አይደለም። ይቅር ይበሉኝ።»

ሩኪያህ «ያ አላህ!» ብላ ጉንጯን ያዘች።

ፓፑቅ ሴናህ የወፍጮ ድንጋይ ከደረታቸው ላይ የተነሳላቸው ያህል ቀለላቸው። ብድግ ብለው ሊስሟት ምንም አልቀራቸው። ሆኖም ሴትዮዋ ፓፑቅ ሴናህ ናቸውና በቀላሉ እሺ አይሉም፤ ቀና ብለው ክዳኑን አዩ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፣ ሩኪያህን ገላመጡ።

«እንግዲህ» አሉ፣ «የልጁ እናት አንቺ ነሽ። እኔ ምን አደርጋለሁ? አምጪው።»

ሮህሚ ሳህኑን አስቀምጣ ሳቅና ለቅሶ ቀላቀለች። «እኔ እኮ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት! ያን ቀን ለኢናቅ ሩኪያህ ‹ለምራቴ ቃል ሰጥቻለሁ› ሲሏት ስሰማ አንጀቴን በሉት። ለእኔ ብለው ይህን ያህል ታግሠው፣ አሁን ጭራሽ አያኝኩም ብዬ በምን አፌ እነግራቸዋለሁ እያልኩ!»

ለካ ዓይን የምትሸሸው በዚህ ነበር። ሙቀጫ የሚባል ነገር አላየችም።

አርሃም የመጀመሪያዋን ማንኪያ በምላሱ ገፍቶ አገጩ ላይ አፈሰሳት፣ ፊቱንም እንደተሰደበ ሰው አጨማደደ። ሁለተኛዋንም መለሰ። የሚቀጥለዋን አጣጣመ፣ አሰበበት፣ ዋጠ፤ ከዚያ አፉን በልቅጦ ሌላ ጠበቀ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ፓፑቅ ሴናህም ሳቁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ ማድረጉንም ረስተው።

አጠገባቸው የተቀመጠችው ሮህሚ አየች። ከፊት ጥርሶቹ ኋላ ባዶውን ድድ አየች፣ ትከሻቸው ላይ የተንጠለጠለውን ሸሚዝ አየች፤ ሳቋ ቆመ። ፓፑቅ ሴናህ አፋቸውን ግጥም አደረጉ። ሮህሚ ግን ወደ ልጇ ዞረችና ማንኪያውን ሞላች፤ በሰው ፊት አንዲት ቃል አልወጣትም።

ሴቶቹ ወሬያቸውን ይዘው ሲበተኑ አርሃም አያቱ ጭን ላይ አንቀላፍቶ ነበር። ሮህሚ ማድ ቤት ገብታ ሌላ ሳህን ይዛ ተመለሰች። ያው የአርሃም ገንፎ ነው፣ ትኩስ፣ እስከ አፉ የሞላ፤ ከላዩ ቀይ በርበሬ ተደቁሶበታል።

«የእርስዎ በርበሬ አለው» አለች።

ፓፑቅ ሴናህ ሳህኑን አዩ፣ እሷን አዩ። ሊከራከሩ አፋቸውን ከፍተው ነበር፤ ሽታው ቀደማቸው። ጎረሱ። ሳይታገላቸው ወረደ። ዓይናቸው ሲሞላ በበርበሬው አሳበቡ፣ «ምነው አበዛሽው» አሉ፤ ሳህኑን ግን ጠርገው ጨረሱ።

«ለሩኪያህ እንዳትነግሪ።»

«ምኑን ኢናቅ?»

ፓፑቅ ሴናህ ባዶውን ሳህን ገፋ አደረጉላት።

«ትንሽ ጨምሪልኝ» አሉ።