እናቴ አልቆምም ያለችበት በር

እንጅባራ ውስጥ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። አምና አንድ መጽሔት አዘጋጅ፣ ዳንግላ ያለውን የድሮ ፍርድ ቤት ሕንጻ አንሽልኝ አለኝ። እናቴም ዓይኗን መታየት ነበረባትና ይዣት ሄድሁ።

ሕንጻው የጥርብ ድንጋይ ነው። ቅስት በሮቹንና ሰፊ ደረጃውን ድሮም እወድዳቸው ነበር። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ሲመታው የመሮው ምት ሳይቀር ይታያል። የበሩ ቁመት እንዲታወቅ ግን ሰው ያስፈልገኝ ነበርና እናቴን ቁሚልኝ አልኋት።

«እዚህ በር ላይ አልቆምም» አለችኝ።

ፎቶ መነሣት አፍራ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ደረጃው ሥር ተቀምጣ፣ አንድም ቀን ያላወራችኝን አወራችኝ። በንጉሡ ጊዜ፣ ገና ወጣት ሳለች፣ አጎቷ የአባቷን መሬት ወስዶባት እዚህ ከስሳው ነበር። ዳኛው የሚሰማው አማርኛ ብቻ፤ እሷ ያኔ ከአገውኛ በቀር አታውቅም። አስተርጓሚው ደግሞ የአጎቷ ማኅበርተኛ ኖሯል።

«እኔ ስለ አባቴ መሬት አፌ እስኪደርቅ ተናገርሁ» አለች። «አስተርጓሚው ግን፣ ትቼለታለሁ ብላለች ብሎ ለዳኛው ነገረው።»

ይህን ያወቀችው ከወጣች በኋላ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚሰማ አንድ ባለጉዳይ ሲነግራት ነው። ልትመለስ ብትል ዘበኛው አላስገባ አላት። ይግባኝ የሚባለው ደብረ ማርቆስ ነበር፤ እሷ ወንድሜን አዝላ፣ ስንቅም አልነበራት።

ሥራውን አንዴ ተቀብዬ ነበርና በሩን ባዶውን አነሣሁት። ፎቶው አማረ። ማማሩ ራሱ አናደደኝ። ስንመለስ፣ አዲስ ቅዳም ሳንደርስ፣ በሚኒባሱ መስኮት መሬቱን አሳየችኝ። የአጎቷ ልጆች ለከሰል የሚሆን ዛፍ ተክለውበታል፤ በማዳበሪያ ከረጢት የተሞላው ከሰል መንገድ ዳር ቆሞ ገዥ ይጠብቃል።

መጽሔቱ ሲወጣ ከፎቶው ሥር «ለድኻ የተፈረደበት በር» የሚል ተጽፎበታል። እናቴ አንብቢልኝ አለችኝ፤ አነበብሁላት።

«ለየትኛዋ ድኻ?» አለችኝ።

አዘጋጁ ጋ ደውዬ ነገሩን ሁሉ አጫወትሁት። ያሳዝናል፣ ግን ታትሟል፣ ምን ይደረጋል አለኝ። አከታትሎም ያንኑ ሕንጻ ለቀን መቁጠሪያ እንዳነሣለት ጠየቀኝ። እምቢ አልሁት። ከእኔ ጎን ያለው ፎቶ ቤት አነሣለት። አሁን ቀን መቁጠሪያው በየሱቁ ተሰቅሏል፤ ዘይት ልገዛ ስገባ ጀርባዬን ሰጥቼው እቆማለሁ።