ጨፋን የሚያነጣው ፊልም

ትናንት ልጄ ስልኳን ይዛ መጣችና «እማ፣ እዪው፣ ዛፉን ነጭ አደረግሁት» አለችኝ። የግቢያችን ማንጎ ቅጠሉ በሙሉ ጥጥ መስሏል። እሷ በጣቷ ነካ አድርጋ ያመጣችው ነገር፣ አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲመኘው የኖረው ነበር።

አባቴ ከሚሴ ላይ ፎቶ ቤት ነበረው። አንገቱን አቀርቅሮ ከላይ የሚያይባት፣ ሰፊ ፊልም የምትጎርስ አሮጌ ካሜራም ነበረችው። ወጣት ሳለ አንድ መጽሔት ላይ በኢንፍራሬድ ፊልም የተነሳ ጫካ አየ፤ ቅጠሉ ነጭ፣ ሰማዩ ጥቁር። «የእኛ ዓይን የማያየውን ብርሃን ያያል። ጨፋን፣ ይህን የእኛን ሜዳ፣ በዚያ ባነሳው!» ይል ነበር። ልቡን ታሞ ቤት ሲውል ምኞቱ ባሰበት።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ፎቶ ቤቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ፊልሙን ፍለጋ ወጣሁ። ደሴ ስጠይቅ ሳቁብኝ። ፒያሳ አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ እንኳን ኢንፍራሬዱ፣ ለዚች ካሜራ ተራውም ጠፍቷል» አሉኝ። ስመለስ ሸዋ ሮቢት ላይ የገዛሁትን ሙዝ ሳልነካው ከሚሴ ደረስኩ። ባዶ እጄን ገብቼ አባባን ምን ልበለው?

የደረሰልን የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ሰይድ ነው። በባቲ በኩል ጅቡቲ የሚመላለስ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። እዚያ አንድ ነጋዴ ለምኖ ከውጭ አስመጣና፣ ከወራት በኋላ አንዲት ጥቅል ፊልም ይዞልኝ መጣ። ሙቀት እንደማይወድ ነግሬው ስለነበር የአፋርን በረሃ በበረዶ ሳጥን፣ ከዓሣ ጋር አሻግሮታል።

«አካም ጂርታ፣ ኢንተላ ኮ! እንዴት ነሽ፣ ልጄ! ፊልሙ ዓሣ ዓሣ ይሸታል እንጂ ደህና ነው» አለኝ እየሳቀ።

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው ማሸት ጀምሮ ነበር። ካሜራዋን ጨለማ ክፍል ውስጥ አጎረስኳት፤ ሌንሷ ላይ ቀይ ማጣሪያ ገጠምኩ፤ አባቴንና እናቴን በባጃጅ ጨፋ ሜዳ ዳር አደረስኳቸው። አባቴ ካሜራዋን ተቀበለኝና ከብዳው መልሶ ሰጠኝ።

«አንቺ አንሺው፤ እኔ አሳይሻለሁ» አለኝ። ወዲያ ዙሪ፣ ወደዚህ ጠጋ በይ እያለ ሜዳውን አስነሳኝ። አንዲት ፎቶ ስትቀረኝ እናቴ «እሱንም አንሺው እንጂ» አለች።

«ተይ፣ ፊልሙ የመጣው ለጨፋ ነው።»

«እኔ ጨፋን ምን ላድርገው?» አለችው።

 አባቴ ኩፊያውን አስተካክሎ ሾላው ሥር ተቀመጠ።

ፊልሙን ሳጥበው አብዛኛው ጭጋግ ነው። በረዶው ሙቀቱን ሙሉ በሙሉ አላስቆመውም። ከሜዳው አንዱ ብቻ ዳነ። ማሽላው ነጭ፣ የቦርከና ወንዝ ጥቁር። አባቴ መስኮቱ ጋ አስጠግቶ ብዙ አየውና «ሱብሃነላህ» አለ። የእሱም ፎቶ ወጥቶ ነበር። የፊቱ ሽብሽብ የለም፤ ቆዳው የጎረምሳ ነው። እናቴ በሁለት እጇ ያዘችው።

«ያገባኝ ሰውዬ ይሄ ነው» አለች።

አባቴ እንደዚያ ሲስቅ ከታመመ ወዲህ አይቼው አላውቅም። የዚያ ዓመት ማሽላ ታጭዶ ሳያልቅ ሞተ።

እናቴ ዛሬም ያንን ፎቶ አልጋዋ ራስጌ አድርጋዋለች። ኢንፍራሬድ ፊልም የሰው ቆዳ እንደሚያለሰልስ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። ለእሷ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ተውኩት። የምታውቀውን ሰው ነው ያየችው፤ እኔ ምን ብዬ ላርማት?