የሙዘይን ሁለት ዕድሜ

የታክሲ ሹፌሩ የከማለዲን ልጅ ሙዘይን በ1978 ዓ.ም. ሁለት ዕድሜ ነበረው። እናቱ መብሩካ በምታውቀው ሃያ ሞልቶታል፤ ቀበሌው በሚያውቀው ግን ገና አሥራ ስድስት ነው። ይህን ጉድ ያመጣው አባቱ ነው። የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ በወጣ ሰሞን፣ አሥራ ስምንት የሞላው ሁሉ ይዘምታል ሲባል፣ ከማለዲን ቀበሌ ሄደና ቀጭኑን ልጁን አራት ዓመት ቀንሶ አስመዘገበው። ማን ይፈርድበታል? ያኔ በቀበና ወንድ ልጅ ያለው ሁሉ እንቅልፍ አልነበረውም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የሙዘይን ውሸት ግን እያደር ከበደች። ከሕፃናት ጋር ተመልሶ ሰባተኛ ክፍል ተቀመጠ። ጢሙ ደግሞ አዋጅ አያውቅም፤ ጠዋት ተላጭቶ ማታ ብቅ ይላል። መብሩካ «ሂድ ተላጭ! ይኼ ጢም ያስበላሃል» እያለች ምላጭ ታቀብለዋለች። ጎረምሶቹ አጠገብ አይቆምም፣ ሴት ልጅ ቀና ብሎ አያይም። በገዛ ሰፈሩ ታሰረ።

ከማለዲን ሰማያዊና ነጭ ሰይቼንቶ ታክሲውን ከፈረንሳይ ለጋሲዮን አራት ኪሎ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ልጁንም ለዚሁ ነበር ያዘጋጀው። እግሩ ፍሬን ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ከባሕር ዛፉ ሥር ባለው ሜዳ ማርሽ አስለውጦታል፤ ዳገት ላይ በፍሪሲዮን መኪና መያዝ አስተምሮታል። የመንገድ ምልክቶቹን ሙዘይን እንደ ፋቲሓ ይወጣቸዋል። የቀረው መንጃ ፈቃድ ብቻ ነው፤ መንጃ ፈቃድ ደግሞ አሥራ ስምንት ዓመት ይጠይቃል።

ይህን ሁሉ ይታገሡት ነበር፣ የከማለዲንን ዓይን ሞራ ባይጋርደው። ሐኪሙ «ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይገፈፋል» ብሎ መለሰው። ሞራው እስኪበስል ደግሞ ሆድ አይጠብቅም። ስለዚህ አባት መሪ ይዞ ልጅ ዓይን ሆነ። «ጉድጓድ አለ፣ ወደ ቀኝ… በግ… ቀስ፣ አባ!» ተሳፋሪ ካለ በሹክሹክታ ነው።

ሙዘይን አንዳንዴ ይመረዋል። «ቀበሌ ሄጄ እውነቱን ልናገርና መንጃ ፈቃዴን ላውጣ» ሲል አባቱ «መንጃ ፈቃዱ ሳይደርስ አንተ ጦር ሜዳ ትደርሳለህ» ይለዋል። ይህም እውነት ነው። ወዲያ ቢሉት ድጥ፣ ወዲህ ቢሉት ማጥ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከፈረንሳይ ሽቅብ ሰው አድርሰው ባዷቸውን ሲመለሱ፣ ሙዘይንን ለአፍታ ሐሳብ ይዞት ሄደ። ቀና ሲል አንዲት እንጨት ተሸካሚ እናት ከመኪናዋ አፍንጫ ሥር ናቸው። «ፍሬን!» ብሎ ጮኸና የእጅ ፍሬኑን ሳበው። መኪናዋ ተንገጫግጫ ቆመች። ሴትዮዋ ከነሸክማቸው ቦይ ውስጥ ተቀምጠዋል። አልተገጩም፤ ድንጋጤ ነው የጣላቸው። የዚያው ቀበሌ ሰው ናቸው፣ እማማ ወለተጊዮርጊስ።

«ዓይናችሁን የት ጥላችሁት ነው እናንተ?»

ከማለዲን ወርዶ «ይቅር ይበሉኝ እናቴ» አለ። አጎንብሶ ይቅርታ የጠየቀው ግን እንጨቱን ነበር። ዓይኑ እንደማያይ ያኔ ለእማማ ገባቸው። ወደ ሙዘይን ዞሩ።

«አንተ ወጠምሻ! አባትህን እንዲህ እያስነዳህ ጎናቸው ትጎለታለህ? አትነዳም?»

«ዕድሜዬ አልደረሰም፣ እማማ። አሥራ ስድስት ነኝ።»

ወለተጊዮርጊስ አገጩን አዩት። ጢሙ ብቅ ብሏል። አልተቆጡም።

«የኔ ልጅ፣ ጉተማም አሥራ ስድስት ነበር» አሉ። «የቀበሌው የዘማች ኮታ አልሞላ ቢላቸው ቁመቱን አይተው ከኳስ ሜዳ ወሰዱት። አልደረሰም ብዬ ብጮህ ማን ሰማኝ?»

ሙዘይን ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። እሱ ያጎደለውን ቦታ ማን እንደሞላለት እስከዚያ ሰዓት አስቦት አያውቅም ነበር።

እንጨቱን ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ አሰሩ፤ እማማን ከኋላ አስቀመጡ። ከማለዲን ቁልፉን ለልጁ ዘረጋ። «እኔ ከእንግዲህ አልነዳም። ሰው ልገድል ነው።»

ሙዘይን ነዳ። ቁልቁለቱን እንዴት ባለ አነዳድ ወረደው! በሌላ ቀን ቢሆን በደስታ ይዘፍን ነበር። ቀበና ድልድይ አጠገብ የአብዮት ጥበቃው ዋቅጅራ ጠመንጃውን እንዳነገተ እጁን አነሣ።

«ጋሽ ከማለዲን፣ ልጅዎ ነው እንዴ የሚነዳው? መንጃ ፈቃድ አለው?»

«የለውም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ እኔን እሰረኝ» ብሎ አባት ተሽቀዳደመ። «እሱ ልጅ ነው፤ ገና አሥራ ስድስቱ ነው!»

ዋቅጅራ ጎንበስ ብሎ የሙዘይንን ፊት ተመለከተ። «እስቲ አንተ ራስህ ንገረኝ። ስንት ዓመትህ ነው?»

የአባቱ እጅ መጥታ ጉልበቱን ጨመቀችው። ሙዘይን በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ወለተጊዮርጊስ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ወደ ውጭ ይመለከታሉ። አንድ ቃል ቢናገሩት፣ ቢሰድቡት እንኳ ይቀለው ነበር።

«ሃያ» አለ።

ከማለዲን በዚያ በማያይ ዓይኑ የልጁን ፊት ሊያይ ዞረ።