ስንቅነሽና የዳባት መንገድ

ስንቅነሽ የባዮሎጂ አስተማሪ ናት። ደባርቅ ውስጥ የምናስተምረው አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ ክፍሎቻችን ግድግዳ ስለሚጋሩ እኔ ሒሳብ ሳስተምር እሷ ስለ ሥርና ግንድ ስታስረዳ ድምፅዋን እየሰማሁ ብዙ ዓመት ኖሬአለሁ። ከተማው ግን የሚያውቃት በአስተማሪነቷ ሳይሆን በሩጫዋ ነበር። ጧት ጧት ጭጋጉ ከባሕር ዛፉ ላይ ሳይነሳ፣ ቱታዋን ለብሳ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ በጎንደር መንገድ ወደ ዳባት አቅጣጫ ስትሮጥ ያላያት ሾፌር የለም። መጀመሪያ ላይ ሰው አጉረምርሟል። ያገባች ሴት፣ የልጆች እናት፣ ምን አባሯት ነው የምትሮጠው ተብሏል። እያደር ለመደ። ኋላማ አንድ ጧት ከቀረች «መምህሯን ምን ነካት?» የሚል አይጠፋም ነበር።

የምትሮጠው ብቻዋን አልነበረም። የሺወርቅ የምትባል የጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነበረች፤ ከአሥር ዓመት በላይ አብረው ሮጠዋል። ጎረቤታሞች አይደሉም፤ ቤት ለቤትም እምብዛም አይጠራሩም። ወዳጅነታቸው መንገድ ላይ ተጀምሮ መንገድ ላይ የኖረ ነው። የሺወርቅ እናቷ የሞቱባት ጊዜ፣ ለቅሶ ደራሹ ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ የልቧን ያለቀሰችው እዚያ አስፋልት ላይ እየሮጠች ነው። ስንቅነሽም ትልቋ ልጇ ለትምህርት ባሕር ዳር ሄዳ ቤቱ ጭር ሲልባት የነገረችው ለእሷ ነው። «ስትሮጪ ፊት ለፊት አትተያዪም። ለዚህ መሰለኝ አፍ የሚፈታው» ብላኛለች አንድ ቀን። መንገዱ አስተማማኝ ባልሆነባቸው ወራት እንኳ አላቆሙም፤ ከከተማ ሳይወጡ የኳስ ሜዳውን ሲዞሩ ከረሙ።

ከዚያ የጉልበቷ ሕመም መጣ። ቀኝ ጉልበቷን መጀመሪያ የወጋት ደረጃ ስትወርድ ነበር። ብርድ ነው አለች። ጠዋት ማበጥ ሲጀምር በፋሻ ጠቅልላ ሮጠች። በመጨረሻ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔ ወድቆባት ጎንበስ ብላ መነሳት አቃታት፤ ተማሪዎቿ ደግፈው አነሷት። ባሏ፣ ያለው ይባላል፣ በማግሥቱ ጎንደር ወሰዳት።

ሐኪሙ ወጣት ነው። የተነሳችውን ራጅ ብርሃን ላይ ሰቅሎ አየው።

«እናቴ፣ በአጥንቶቹ መካከል የነበረው ለስላሳ አጥንት አልቋል። መራመድ ይችላሉ። ሩጫውን ግን እዚህ ላይ ያቁሙት» አላት።

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለሁልጊዜው ነው።» ቀና ሲል ፊቷን አየና ጨመረ፣ «ዋና ጥሩ ነው። ብስክሌትም ይሆናል።»

ሚኒባስ ውስጥ ከጎንደር ብዙ ሳይርቁ ለያለው እንዲህ አለችው፣ «እናቴ አለኝ እኮ። ሰማኸው?»

«ሰምቼዋለሁ» አላት ያለው። ያለው በመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚሠራ፣ ልጅነቱን በቆሎ ትምህርት ቤት ያሳለፈ፣ ዝግ ያለ ሰው ነው። ለአውቶቡስ እንኳ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም።

ስንቅነሽ ለየሺወርቅ እውነቱን አልነገረቻትም። ፈተና አርማለሁ አለች፤ ጉንፋን ይዞኛል አለች። የሺወርቅ ግን ጧት ጧት እየመጣች በሩን ታንኳኳለች። ስንቅነሽ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ኳኳታውን ትሰማለች።

«ውጣና ተኝታለች በላት» ትለዋለች ባሏን።

ያለው ለጥቂት ቀናት እየወጣ ተኝታለች አለ። አንድ ጧት ግን ከአልጋው ጫፍ ተቀመጠና፣ «ስንቄ፣ ያቺን ሴት ደግሜ አልዋሻትም። ፊቷን ማየት አቃተኝ» አላት።

ወጣች። ነገረቻት። የሺወርቅ ሰማቻትና «በይ እንራመዳ» አለች። ተራመዱም። አንድ ሳምንት ያህል ሞከሩት። ነገር ግን ስንቅነሽ የጓደኛዋን እግር ታይ ነበር፤ እንደታሰረ ፈረስ ራሱን ሲገታ፣ ሲያጥር። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆመችና «አንቺ ሩጪ። እኔ እመለሳለሁ» አለቻት። የሺወርቅ እንቢ አለች። ስንቅነሽ ዞራ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሳይገናኙ ወራት አለፉ።

በእነዚያ ወራት ስንቅነሽ ሌላ ሰው ሆነች። መምህራን ማረፊያ ውስጥ መስኮቱ ዳር ተቀምጣ ሻይዋ ሲቀዘቅዝ አያታለሁ። ቤትም ጠዋቱን ተኝታ ታረፍዳለች ሲል ያለው ነግሮኛል። ነሐሴ ላይ ለስብሰባ ጎንደር ሄዶ ሲመለስ ግን ሚኒባሱ ላይ ብስክሌት አስጭኖ መጣ። ሰማያዊ፣ ቀለሙ እዚህም እዚያም የተላጠ፣ ብዙ እጅ የዞረ።

«ይሄ ደግሞ የማነው?» አለች በር ላይ ቆማ።

«ያንቺ።»

«ብስክሌት ላይ ወጥቼ አላውቅም። ታውቃለህ።»

«እኔም አላውቅም» አላት። «አብረን እናየዋለን።»

ተቆጣች። በዚህ ዕድሜዬ የከተማ መሳቂያ ልታደርገኝ ነው አለችው። ያለው ብስክሌቱን አስገብቶ በረንዳው ላይ ግድግዳ አስደግፎ አቆመው። ብዙ ቀን ሳትነካው እየዞረችው አለፈች። አንድ ቅዳሜ ማለዳ ራሷ ቀሰቀሰችው። «ተነስ። ሰው ሳይወጣ እንሂድ።»

የሄዱት ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ካለው ሜዳ ነው። ሣሩ ጤዛ ይዟል። ያለው በሁለት እጁ መቀመጫውን ከኋላ ያዘ፤ እሷ ፔዳሉን መታች። ትንሽ ሄደው ተያይዘው ወደቁ። ሁለተኛ ጊዜ ካቴናው ቱታዋ ላይ የደረበችውን ጉርድ ነከሰውና እሱን ለማላቀቅ ብዙ ታገሉ። እጥፍ ብለው ሳቁ። ይህን ስትነግረኝ «ያገባንበትን ሰሞን አስታወሰኝ። እንደዚያ ከሳቅን ብዙ ዘመን ሆኖን ነበር» አለችኝ።

ያለው ሮጠ። ካፖርቱን እንደለበሰ፣ በቆዳ ጫማው፣ መቀመጫውን ይዞ እያለከለከ ከኋላዋ ሮጠ። «ያዝከኝ?» ትለዋለች። «ይዤሻለሁ።» «ያዝከኝ?» «ይዤሻለሁ አልኩሽ።»

አንድ ጧት መሪጌታ ሃብተ ጊዮርጊስ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሜዳው ዳር አለፉና ቆሙ። ባሏን ያለውን በልጅነቱ ዳዊት ያስደገሙት እሳቸው ናቸው። ስንቅነሽ ከብስክሌቱ ወርዳ ጉርዷን አስተካከለች፤ ተግሣጽ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው ብስክሌቱን ዞር ዞር ብለው አዩት።

«በወጣትነቴ ከበየዳ በበቅሎ ስመጣ» አሉ ረጋ ብለው፣ «አስቸጋሪው መውጣቱ አልነበረም፤ ቁልቁለቱ ነበር። ለመሆኑ ይህ ነገር ቁልቁለት ላይ ይታዘዛል፣ ልጄ?»

«ፍሬን አለው፣ የኔታ።»

«ደግ። እንግዲያው ፍሬኑን አስቀድመሽ ልመጂ» አሏትና ባርከዋት ሄዱ።

እሱን አስቀድማ ለመደች። ከዚያ ሚዛኑን፣ ከዚያ መታጠፉን። መስከረም ሲጠባ አስፋልት ላይ ወጣች። ባጃጆች ጡሩምባ ነፉላት። «አሮጊት በሳይክል» ያለም ነበር፤ ሰምታዋለች፣ ፊቷን አላዞረችም። ያለው የከለከላት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ወደ ፈለግሽበት ሂጂ። ሊማሊሞን ብቻ እንዳታስቢው» አላት። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርዱትን የጭነት መኪናዎች ታውቃቸዋለችና አልተከራከረችም።

አንድ የገበያ ቀን እህል የጫነ አህያ በድንገት መንገዷን ቆረጠና ፍሬኑን አጥብቃ ያዘች። በእጇ ተደግፋ ወደቀች። አምባሯ ወልቆ ተንከባለለ፣ እጇ አበጠ። ሰዎች አንስተው ጤና ጣቢያ ወሰዷት። መጋረጃውን ገልጣ የገባችው የሺወርቅ ነበረች።

የሺወርቅ እጇን አገላብጣ አየች፤ አልተሰበረም። ፋሻውን እየጠቀለለች ነው የተናገረችው።

«ብስክሌት እንደያዝሽ ሰምቻለሁ።»

«ሁሉም ሰምቷል» አለች ስንቅነሽ። «አንቺስ? እንደ ድሯችን በዳባት መንገድ እስከ ድልድዩ ትሮጫለሽ?»

«የለም። ከከተማ አልወጣም። ብቻዬን ስሆን የመንገዱ ውሾች አያሳልፉኝም፣ እረኛውም ሁሉ ይጮኽብኛል። ቆይ፣ ጣትሽን ዘርጊው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

የሺወርቅ ፋሻውን ቋጠረች። «ምን ብዬ? እግርሽን ያጣሽው አንቺ፣ እኔ መጥቼ ብቻዬን መሮጥ አስጠላኝ ልበልሽ?»

ስንቅነሽ አለቀሰች። እጇን አሟት ያለቀሰች መስሏት አንዲት ነፍሰ ጡር ከወዲያኛው አልጋ «አይዞሽ» አለቻት።

እጇ ሲድን እንደገና አብረው ወጡ፤ አንዷ በእግሯ፣ አንዷ በጎማ። እንዳሰቡት ቀላል አልሆነም። ብስክሌት በፍጥነት ሲሄድ ሚዛኑን ይጠብቃል፤ ከሯጭ እኩል ቀስ ልበል ሲሉት ይንገዳገዳል። ስንቅነሽ አንዴ ወደ ጓደኛዋ፣ አንዴ ወደ ቦዩ ታዘነብል ነበር። ዳገት ላይ የሺወርቅ ቀድማ ወጥታ ትጠብቃታለች፤ ቁልቁለት ላይ ስንቅነሽ ትለቀውና ታች ሆና ትጠብቃታለች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ጎን ለጎን ይሆናሉ፤ ያን ጊዜ ያወራሉ። ውሾቹ ብስክሌቱን ሲያዩ ወደ ኋላ ይላሉ። አንድ ዓመት እንዲህ ሄዱ። ስንቅነሽ ቀጭን ሳቋ ተመለሰላት፤ በግድግዳው በኩል እሰማው ነበር።

በዓመቱ የሺወርቅ ወደ ዳባት ተዛወረች። የማዋለጃ ክፍሉን እንድትመራ ነው፤ እድገት ነው፣ እንቢ የሚባል አይደለም። የነገረቻትም መንገድ ላይ ነው። ስንቅነሽ ለረዥም ጊዜ ፔዳሏን ብቻ መታች።

«ደስ ብሎኛል» አለች በመጨረሻ።

«ደስ አላለሽም።»

«እሺ፣ አላለኝም። ግን ደስ ሊለኝ ይገባል።»

ዕቃዋን በጫነች ማግሥት ስንቅነሽ አልወጣችም። በሦስተኛው ቀን ግን ብቻዋን ወጣች፤ ከለመደችው ቦታ ትንሽ አለፍ ብላ ተመለሰች። በሳምንቱ ደግሞ ከዚያም አለፈች። ይህን ያህል መንገድ በሩጫ ዘመኗ ሄዳው አታውቅም ነበር። ጥቅምት ላይ ለየሺወርቅ ደወለችና «ቅዳሜ እመጣለሁ» አለቻት።

«በስንት ሰዓቱ መኪና?»

«በመኪና አይደለም።»

ያለው ጧት በር ድረስ ሸኛት። ጎማዎቹን በጣቱ ተጭኖ አየ። «ብቻሽን ነሽ?» አላት። «ብቻዬን።» «እሺ» አለ።

መንገዱ ግራና ቀኝ የደረሰ ገብስ ነው፤ ነፋሱ ከፊቷ ይመጣል። ዳገቱ ሲበረታ ወርዳ ገፋችው። ከደባርቅ ብዙ ሳትርቅ አንድ ሚኒባስ ቀደማት። ከኋላ ወንበር፣ በመስኮቱ በኩል፣ የምታውቀውን ካፖርትና የምታውቀውን ማጅራት አየች። ባለቤቱ አንገቱን በግድ ወደ ሌላው በኩል አዙሮ ማሳውን እየተመለከተ አለፈ። ብቻዋን መንገድ ላይ ሳቀች።

ከግማሽ መንገድ በላይ እንደሄደች ጉልበቷ ጠዘጠዛት። ቆማ በሶ በጠበጠችና ጠጣች። ዳገቱን እንደወጣች ከወዲያ ማዶ አንድ ሰው ሲሮጥ ታያት። መጀመሪያ አላመነችም፤ አሯሯጡን ስታይ አመነች፤ የሺወርቅ ስትሮጥ ግራ ትከሻዋን ትጥላለች። ዳባት መግቢያ ላይ ልትቀበላት ተባብለው ነበር፤ እዚህ ድረስ ግን አልተባባሉም።

«ብዙ አስጠበቅሁሽ?» አለች ስንቅነሽ ፍሬን ይዛ።

«መጠበቁ ሰለቸኝና መጣሁ።»

የሺወርቅ ዞረች፤ ጎን ለጎን ሆነው የቀረውን መንገድ ሄዱት።

ዳባት መናኸሪያው አጠገብ ባሏ ቆሟል፤ ነጭ ሽንኩርት በፌስታል ይዟል።

«አንተ ምን ልትሠራ መጣህ?» አለችው።

«የዳባት ነጭ ሽንኩርት ጥሩ ነው ብለውኝ» አላት ዓይኗን ሳያይ።

የሺወርቅ ቤት ምሳ በሉ። ያለው ከምሳ በኋላ ወንበሩ ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው። የሺወርቅ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቀረበች፣ ጨው ነሰነሰችበት፤ ሁለቱም ካልሲያቸውን አውልቀው እግራቸውን በአንድ ሳፋ ከተቱ። ሳይቀሰቅሱት በሹክሹክታ ስለ አዲሱ ሥራዋ፣ ስለ ሌሊት ተረኝነቷ፣ በዚያ ሳምንት ስለተወለዱት መንታዎች አወሩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ የሺወርቅ ተነስታ ሌላ ሙቅ ጨመረችበት። ስንቅነሽና ያለው ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ጭነው ወደ ደባርቅ ሲመለሱ መሽቶ ነበር።