ሁለተኛው ጉርሻ

ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ እማማ እህል አልወርድ ብሏቸዋል። እማማ የምላቸው እኔ ነኝ እንጂ ጃፓናዊት ናቸው፤ ሌክ ሲቲ ሰፈር አፓርታማቸው ውስጥ የምንከባከባቸው ኬርጊቨር ነኝ። ኤቨረት ከተማ የምትሠራው ልጃቸው ሰኞ ኮል አድርጋ፣ «ሶ እስከ ዓርብ ካልበላች ነርሲንግ ሆም አስገባታለሁ፤ ሌላ ምርጫ የለኝም» አለችኝ። ስልኩ ስፒከር ላይ ነበር፤ እማማ ሁሉንም ሰሙ። እጄን ያዙና፣ «ከዚህ ቤት አታስወጡኝ» አሉኝ። ውሃ እንኳን ለመጠየቅ የሚያፍሩ ሴት ናቸው እኮ!

እምቢ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር፤ እለምናቸው፣ እቆጣቸው ነበር። እሳቸው ግን እምቢ ማለት አያውቁም። ምግብ ሳቀርብ ጎንበስ ብለው ያመሰግኑኛል፣ አቀራረቤን ያደንቁልኛል፣ ከዚያ አይነኩትም። ጠዋት ጠዋት ግን ትኩስ ሩዝ በባለቤታቸው ፎቶ ፊት ያስቀምጣሉ። «ወይ ጉድ! ሙት እየበላ ቋሚ ይጾማል» እላለሁ በሆዴ። ሾርባቸውን ከዩቲዩብ ተምሬ ሠራሁ፣ ለማርያም ተሳልኩ። ምንም!

ዓርብ ምሳ ላይ፣ ልጃቸው መንገድ ላይ ሳለች፣ ሳልመን ጠብሼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በቃ፣ እኔ በማውቀው ላጎርሳቸው አልኩ። በእጄ ብሰጣቸው ይጠየፉ ይሆናል ብዬ ሌላ ጥንድ ቾፕስቲክ አነሳሁ፤ ሁለቱን እንጨቶች አያያዝ ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። ዓሣውን ቆርሼ ወደ አፋቸው ሳስጠጋ፣ የራሳቸውን ቾፕስቲክ አንስተው ከእኔው ላይ ተቀበሉኝ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። አልጎረሱትም፤ ባዶ ሳህን ላይ በጥንቃቄ አኖሩት። ይሁን፣ መቀበላቸውም አንድ ነገር ነው። አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባል የለ? ሁለተኛውን ሰጠኋቸው። እሱንም ተቀብለው ከመጀመሪያው አጠገብ አኖሩት፤ እንባቸው ግን መውረድ ጀመረ። ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ብዬ ሦስተኛውን ዘረጋሁ።

ልጃቸው መኪናዋን ፓርክ አድርጋ የገባችው ያኔ ነው። «ስቶፕ!» ብላ ጮኸች።

«ምን አጠፋሁ?»

«እኛ ከቾፕስቲክ ወደ ቾፕስቲክ ምግብ አንቀባበልም» አለች። «እንደዚህ የምንቀባበለው አስከሬን ከተቃጠለ በኋላ አጥንቱን ነው። አባቴን እኔና እናቴ እንደዚህ ነው የለቀምነው፤ ከእግሩ ጀምረን እስከ ጭንቅላቱ።»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «አላወቅኩም፣ በማርያም አላወቅኩም!» እላለሁ፤ ማን ይሰማኛል? ስልኳን ይዛ ወደ በረንዳ ወጣች። ወዴት እንደምትደውል ገብቶኛል።

እማማ እግር ሥር ተንበረከክሁ። እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፋብኝ። «ይብሉ፣ በሞቴ ይብሉ! አንዴ ብቻ ይጉረሱና ልጅዎ ትይዎት!» አልኳቸው በአማርኛ። በመስታወቱ በኩል የልጃቸው ከንፈር ሲንቀሳቀስ ይታየኛል።

እሳቸው ሳህኑ ላይ ያሉትን ቁራጮች በዝግታ አስተካከሉ። ከዚያ ሦስተኛውን ለመቀበል ባዶውን ቾፕስቲክ ወደ እኔ ዘረጉ።

«ገና ነው» አሉኝ፤ «ጭንቅላቱ ይቀራል።»