ያልተቀመሰ ብርጭቆ

ሳልጠየቅ ለመጻፍ መድፈሬን ይቅር በሉኝ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ከዳርኩ በኋላ ነው፤ እስካሁንም እስክሪብቶ ስይዝ እጄን ያልበኛል። እንዲህ ረዘም ያለ ነገር ስጽፍ የመጀመሪያዬ ስለሆነ የተጣመመ ካያችሁ አቃንታችሁ አንብቡልኝ። የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ ዘሪቱ ነው። እሷም «ጻፊው፤ ብቻ ደግ አድርገሽ እንዳታሳዪኝ» ብላ ፈቅዳልኛለች።

ዘሪቱ ወገራ ተወልዳ፣ በሃያ ዓመቷ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ ወደ እስራኤል የመጣች ሴት ናት። ዛሬ ሃምሳውን አልፋለች። ቂርያት ጋት ከተማ ከገባች ጀምሮ ከኛ ብሎክ ሦስተኛ ፎቅ ለቃ አታውቅም። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ የፕላስቲክ ክዳን በሚያመርት ፋብሪካ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ማየት ነው። ክዳኑ በፊቷ ያልፋል፤ የተሰነጠቀውን፣ ጠርዙ የጎበጠውን ለቅማ ታወጣለች። ዓይኗም ያንኑ ለምዶ ቀረ። ሰው ቤት ስትገባ እንኳ መጀመሪያ የሚታያት የጎደለው ነገር ነው።

ባሏ ከሞተ ወዲህ ብቻዋን ነበረች። ከፋሲካ በኋላ ግን ልጇ ኦሬን ከሚስቱ ከሊሞር ጋር ጓዙን ይዞ ገባ፤ ካርሜ ጋት በሚባለው አዲስ ሰፈር የሚከራዩት ቤት እስኪገኝ ተባለ። ሊሞር እዚሁ የተወለደች፣ አያቷ ያሳደገቻት፣ አማርኛዋ የሚንተባተብ፣ ግን «እርስዎ»ን የማትረሳ ልጅ ናት። ዘሪቱ ስለ ምራቷ ስትጠየቅ «ደህና ናት» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትጨምርም።

በዚያው ሰሞን ኩፓት ሆሊም፣ ጤና ጣቢያው፣ ሄዳ ደሟን ስታስመረምር ስኳር ተገኘባት። ሐኪሟም «ሦስት ወር እንይ፤ ካልወረደ መርፌ ነው» አለቻት። የዘሪቱ ቁርስ ነጭ ዳቦ በማርማላታ፣ ሻይ በአራት ማንኪያ ስኳር ነበር። ሊሞር ይህን ስትሰማ በማግስቱ ብሌንደር ገዝታ መጣች።

«ከነገ ጀምሮ ቁርስዎን የምሠራው እኔ ነኝ፣ እማማ» አለች። «ሼክ። አረንጓዴ። ለስኳር ጥሩ ነው።»

ከዚያ ቀን ወዲህ ጎህ ሳይቀድ ወጥ ቤቱ መጮኽ ጀመረ። ስፒናች፣ ኪያር፣ ግማሽ አረንጓዴ ፖም፣ ሎሚ፣ ስኳር የሌለው እርጎ፣ በላዩ ደግሞ ከትንሽ ከረጢት የሚበተን ቡናማ ነገር። ዘሪቱ በር ላይ ቆማ ታያለች። ሊሞር ሁለት ብርጭቆ ትሞላለች። አንዱን በሁለት እጇ፣ ጎንበስ ብላ ለዘሪቱ ትሰጣለች። ሌላውን ለራሷ ይዛ ትቆማለች። ትቆማለች እንጂ አትጠጣም።

ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው እንግዳው እያየው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ ከዚያ ነው የሚሰጠው። ውስጡ ክፉ ነገር የለም ማለቱ ነው፣ በአፍ ግን አይባልም። ሳይቀምስ የሚሰጥ ቢመጣ «ቅመስ» ተብሎ አይጠየቅም፤ መጠየቁ «መርዘኸዋል» እንደማለት ነውና። ተቀባዩ ሰበብ ፈልጎ ያስቀምጠዋል፣ ሁለተኛም እዚያ ቤት አይጠጣም።

ዘሪቱም ሰበብ ፈለገች። «ጠዋት ሆዴ አይቀበልም፤ ሥራ ቦታ እጠጣዋለሁ» ብላ በጠርሙስ ገለበጠችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ከኩሬ ቀዳሽው?» አለቻት ታይቱ በእረፍት ሰዓት። ታይቱ እዚያው ክዳን የምትለቅም፣ አፏ የማያርፍ ጓደኛዋ ናት። ከፍታ አሸተተችው፣ አዘነበለችው። ተዝለግልጎ ወረደ። «ውይ! ይሳባል እኮ!»

«ምራቴ ናት የሠራችው።»

«ቀምሳ ሰጠችሽ?»

ዘሪቱ የጠርሙሱን ክዳን አንስታ ጠርዙን መመርመር ጀመረች።

«አንቺን እኮ ነው! ቀምሳ ሰጠችሽ ወይ?»

«የራሷን ይዛ ትቆማለች። አትጠጣውም።»

ታይቱ ጠርሙሱን በአንድ ጣቷ ገፋ አደረገችው። «እኔ ምንም አልተናገርኩም» አለች። እንዲህ የሚል ሰው ምን ያህል እንደተናገረ ታውቁታላችሁ።

የዚያን ቀን ሼክ የፋብሪካው መታጠቢያ ጠጣው። የማግስቱም፣ የሳምንቱም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘሪቱ ቁርስ የምትበላው ከታይቱ ዳቦ ላይ ቆርሳ ነው።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። አንድ ቀን «ዛሬ ሎሚው አልበዛም ትያለሽ?» ብላ ወጥመድ ዘረጋች።

«እንጃ፤ እርስዎ ሲቀምሱት ይንገሩኝ» አለች ሊሞር ፈገግ ብላ።

ፈገግታዋን ዘሪቱ አልወደደችውም። ሌላ ቀን ሊሞር ወደ ማቀዝቀዣው ዞር ስትል ሁለቱን ብርጭቆዎች ቀያየረቻቸው። ሊሞር ተመልሳ የተቀየረውን አነሳች፤ አሁንም ይዛው ቆመች። «እንግዲያው ሁለቱም ውስጥ አለበት» ብላ ዘሪቱ በልቧ ፈረደች። ልጅቷ የራሷን ሼክ እንደሞላ ክዳን ባለው ኩባያ ገልብጣ ወደ ባቡር ስትሮጥ ከመስኮት አየቻት። ጥሩ ነገር ቢሆን እዚሁ አትጠጣውም?

በዚህ መሐል ኦሬን እየሳቀ ገባ። «ቤቱ ተገኘ፣ እማ! ካርሜ ጋት፣ አምስተኛ ፎቅ፣ ሊፍት አለው። አንቺም ክፍል አለሽ። ብቻ እስከ ዓርብ እሺ በዪን። የማትመጪ ከሆነ አነስ ያለውን ነው የምንይዘው።»

አነስ ያለው ውስጥ የእናት ክፍል የለም። ዘሪቱ ይህ ገብቷታል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ መሄዱን ትፈልገው ነበር። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ሬዲዮ ከፍታ ነው የምትተኛው፤ ሰው ያለ እንዲመስላት። ግን ሳትቀምስ ከምትሰጥ ሴት ጋር ጣራ እንዴት ትጋራለች? ረቡዕ ዕለት ለታይቱ «እምቢ ልላቸው ነው» አለቻት።

«ምክንያቱን ሲጠይቅሽስ?»

«ደረጃዬን ለምጃለሁ እላለሁ።»

ሐሙስ ጠዋት ከፋብሪካው ስልክ ተደወለ። ማሽን ስለተሰበረ ሥራ የለም፣ ቤት ዋሉ ተባለ። ሥራ ከሌለ ጠርሙስም የለም። ሊሞር ብርጭቆውን በሁለት እጇ አቀረበች። ዘሪቱ ተቀበለችና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ሊሞርም የራሷን ይዛ ቆመች። አንዷ ሌላዋን ታያለች።

«እንዴ፣ ምን ሆናችሁ?» አለ ኦሬን ጫማውን እያሰረ። «እማ፣ ጠጪ እንጂ! ባቡር አመለጣት።»

ዘሪቱ ሦስት ሳምንት አፍና የያዘችው አመለጣት።

«እሷስ ለምን አትጠጣም?»

የማይጠየቀው ተጠየቀ። ዘሪቱ እሳት ውስጥ የገባች መሰላት፤ አሁን ልጅቷ ታለቅሳለች ወይ ብርጭቆውን ትወረውራለች ብላ ጠበቀች።

ሊሞር ግን ግራ ገብቷት ታያታለች። «እርስዎን እየጠበቅሁ ነዋ» አለች።

«እኔን?»

«አያቴ ትልቅ ሰው ሳይቀምስ ከቀመስሽ ብላ እጄን ትመታኝ ነበር። በማንኪያ። እዚህ ጋ።» እጇን ገልብጣ አሳየች። «እርስዎ ደግሞ ሥራ ቦታ ነው የምጠጣው ይላሉ። እኔም ሥራ ገብተው ጠጥተዋል ብዬ እስካስብ እጠብቅና ባቡር ውስጥ እጠጣዋለሁ። ሞቆ። አስቀያሚ ነው ሲሞቅ።»

ኦሬን ሳቁ መጣበት። «ሦስት ሳምንት? ሁለታችሁም አብዳችኋል!»

ዘሪቱ አልሳቀችም። የዚያች አያት ማንኪያ ታያት። ከጎንደር ይዛው የመጣችውን ወግ ግማሹን አስተምራ ግማሹን ሳታስተምር ሞታለች። ብርጭቆውን አፏ ላይ አደረገች፤ አሁንም ከንፈሯ እየፈራ። አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ቀዝቃዛ ነው። ሎሚው በዝቷል። ከሥሩ ግን የምታውቀው ነገር መጣ፤ ያ የሚዝለገለገው።

«ይሄ ተልባ ነው!»

«ምን? እ… በዕብራይስጥ ፒሽታን ነው የምንለው። ከረጢቱ ላይ እንደዚያ ነው የተጻፈው።»

«ተልባ ነው እልሻለሁ! ደግሞ ሳይታመስ! ጥሬውን ነው የምታጠጪኝ?»

«ይታመሳል እንዴ?»

ሊሞር ይህን ብላ የራሷን ብርጭቆ በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው። አፏን በክንዷ ጠርጋ እየሮጠች ወጣች።

ዘሪቱ ምን ጠርጥራ እንደነበር ለምራቷ አልነገረቻትም፤ እስከ ዛሬም አልነገረቻትም። ሊሞር አማርኛ ማንበብ ስለማትችል ነው እኔም የጻፍኩት። ያን ቀን ወደ ማታ ደረጃው ላይ ስንገናኝ ዘሪቱ ለእኔ ነገረችኝና «ታይቱን ግን ምን እላታለሁ?» ብላ ራሷን ያዘች።

ዓርብ ጠዋት ዘሪቱ ከሁሉም ቀድማ ተነሳች። ተልባውን በደረቅ መጥበሻ አመሰችው፤ ሽታው መኝታ ቤት ድረስ ገባ። ከዚያ ብሌንደሩ ፊት ቆመች። ስፒናቹን፣ ኪያሩን፣ ግማሽ ፖሙን፣ እርጎውን፣ የታመሰውን ተልባ ጨመረች፤ ሎሚውን ቀነሰች። ክዳኑን አንስታ ወደ መብራቱ ይዛ ዞር ዞር አድርጋ ጠርዙን መረመረች፤ ወደ አንድ ጎን ጎበጥ ብሏል። እኛ ጋ ቢሆን ይጣል ነበር አለች ለራሷ። ገጥማው በሁለት እጇ ተጫነችና ቁልፉን በክርኗ ነካች። እንደፈራችውም በዚያው በጎበጠው በኩል አረንጓዴው ግድግዳ ላይ ተረጨ።

ሊሞር በጩኸቱ ነቅታ፣ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ወጣች። ዘሪቱ ብርጭቆውን ሞላች። ልጅቷ እያየቻት በመዳፏ ጠብ አድርጋ ቀመሰች። ከዚያ በሁለት እጇ ሰጠቻት።

ሊሞር ትልቅ ሰው ቀምሷልና ወዲያው ጠጣች።

«ዛሬ ይጣፍጣል» አለች።

«ታመሰ እኮ» አለች ዘሪቱ፣ ግድግዳውን በጨርቅ እየወለወለች። ፊቷን ሳታዞር ቀጠለች፦ «ያ ክፍል ያላችሁት፣ መስኮት አለው? ለኦሬን እሺ ብላለች በይው። ብሌንደሩን ግን ቀይሩ፤ ይህን ክዳን አላምነውም።»